ዘጋቢ ፊልሜን ማን ይሽጥልኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ለዓለም መሸጥ። ማን ይሸጠዋል? ማን ይገዛዋል? ገንዘቡስ መጨረሻ ላይ የት ይገባል? በዚህ ሥራ የሚኖሩት ባብዛኛው ትንንሽ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያም ከትልቅ ስቱዲዮም ሥር ያልሆኑ፣ ራሳቸው የሚያመርቱ፣ የሚሸጡና የሚያከፋፍሉ። ስለዚህ ዛሬ አምዱ የእነሱ ነው። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የመጀመሪያ ረጅም ዘጋቢ ፊልሜን ጨርሻለሁ፣ 78 ደቂቃ ነው። አንድ ኩባንያ በኢሜይል አገኘኝ። እናመርታለን፣ እንሸጣለን፣ እናከፋፍላለን ይላሉ። የላኩልኝ ውል «ሁሉም መብቶች፣ በመላው ዓለም፣ ለ15 ዓመት» ይላል። ኮሚሽናቸው 30 በመቶ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ የለውም። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ደግሞ ፈርቻለሁ። ልፈርም? (የመጀመሪያዬ ነው)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። 78 ደቂቃ ጨርሶ መቆም ቀልድ አይደለም። ፊርማው ግን ለዛሬ ይቆይ።

መጀመሪያ ሦስቱን ሥራዎች እንለያቸው። አምራቹ ገንዘብ አፈላልጎ ፊልሙን ያሠራል፤ ብዙ ጊዜም የፊልሙ ባለቤት እሱ ነው። የሽያጭ ወኪሉ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱን ወክሎ በየሀገሩ ላሉ ጣቢያዎችና አከፋፋዮች ይሸጣል፣ ከሽያጩም ኮሚሽኑን ይቆርጣል። አከፋፋዩ ደግሞ በአንድ ሀገር ወይም ቀጣና መብቱን ወስዶ ፊልሙን ሲኒማ ቤት ያስገባል፣ ለዩኒቨርሲቲ ያደርሳል፣ ኦንላይን ያከራያል። አንድ ኩባንያ ሦስቱንም ቢሠራ ነውር የለውም፤ ትንንሾቹ የሚተርፉት እንደዚያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኩባንያው እንደ ወኪል ሆኖ ፊልምሽን ለራሱ ለአከፋፋዩ ክፍል ሲሸጥ ነው። ያኔ አንድ ጊዜ የወኪል ኮሚሽን ይወስዳል፣ ከዚያ ደግሞ የማከፋፈያ ድርሻ። ካንድ ገቢ ሁለቴ መቆረጥ ማለት ነው። ስለዚህ ጠይቂያቸው፦ «በራሳችሁ በኩል በምታከፋፍሉበት ሀገር የምትወስዱት አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም?» መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ጻፉልኝ በያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚህ ንግድ ፊልም አይሸጥም። የሚሸጠው በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ መንገድ፣ ለተወሰነ ጊዜ የማሳየት መብት ነው። ለጀርመን ቴሌቪዥን የሰጠሽው መብት ለጃፓን ቴሌቪዥን ከሰጠሽው ጋር አይጋጭም። የሲኒማው ለብቻ ነው፣ የቴሌቪዥኑ ለብቻ፣ የስትሪሚንጉ ለብቻ፣ የአውሮፕላን ላይ ለብቻ፣ የትምህርት ተቋማቱም ለብቻ። ቋንቋም ይቆጠራል። አንድ ጣቢያ የፈረንሳይኛውን ቅጂ ብቻ በልዩ መብት ሊይዝ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ጥሩ ሻጭ ኑሮው እነዚህን ቁርጥራጮች ሳያጋጭ ማደል ነው። «ሁሉም መብቶች፣ በመላው ዓለም» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ በአንድ ፊርማ አንስቶ ለአንድ ሰው ያስረክባል። ሰውየው ጎበዝ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ግን ፊልምሽ 15 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፣ አንቺም መንካት አትችይም።

እኔ ብሆን የምጠይቃቸውን ልንገርሽ። የትምህርት ተቋማትንና የራሴን የማሳያ መድረኮች ለራሴ አስቀራለሁ፤ ባለፈው ዓመት ለዩኒቨርሲቲዎች ስንት ፊልም እንደሸጡ ማሳየት ከቻሉ ግን ልሰጣቸው እችላለሁ። 15ቱን ዓመት ወደ 5 ወይም 7 አወርዳለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሽያጭ ካልመጣ መብቱ ይመለስልኝ የሚል አንቀጽ አስገባለሁ። ኩባንያው ከከሰረም መብቱ ወዲያው ወደ እኔ ይመለስ እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው «ምን ያሟርታል» ብሎ ይዘለዋል፤ ኩባንያ ሲዘጋ ግን ፊልሞቹ ከወንበርና ከኮምፒውተሩ ጋር ለአበዳሪዎች ሊሰለፉ እንደሚችሉ አትርሺ።

30 በመቶው ራሱ አያስደነግጥም። ለዘጋቢ ፊልም የቴሌቪዥን ሽያጭ ከ25 እስከ 35 በመቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። የሚያስደነግጠው ከኮሚሽኑ ቀጥሎ የሚመጣው «ወጪ» የሚለው ቃል ነው። በቁጥር እንየው። አንድ ጣቢያ በ10,000 ዶላር ገዛ እንበል። የገዢው ሀገር 10 በመቶ የግብር ተቀናሽ ያዘ፤ 9,000 ደረሰ። ኮሚሽኑ ከጠቅላላው ይታሰባል ከተባለ 3,000 ሄደ፤ 6,000 ቀረ። ከዚያ ወደ ፊልም ገበያ (ሻጭና ገዢ ወደሚገናኙበት ዝግጅት) ጉዞ፣ ፖስተር፣ ትሬለር፣ የመልእክት ወጪ ተብሎ 4,000 ተያዘ። ያንቺ 2,000 ነው። የወጪው ጣሪያ ውሉ ላይ ካልተጻፈ እሱም ላይደርስሽ ይችላል። ስለዚህ ወጪው በቁጥር ይገደብ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ያንቺ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅ። አንድ ገበያ ላይ 40 ፊልም ይዘው ሄደው የአውሮፕላን ቲኬቱን በሙሉ ካንቺ ፊልም ላይ እንዳይቆርጡም ለፊልሞቹ ይካፈል በያቸው። ንዑስ ወኪል ከተጠቀሙ የእሱ ኮሚሽን ከ30ው ውስጥ ይውጣ። የሂሳብ ሪፖርት ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ይላክልሽ፣ ሽያጭ ባይኖር እንኳ «ዜሮ» ብሎ። መዝገባቸውን በባለሙያ የማስመርመር መብትም ይኑርሽ።

ግብሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሀገሮች እርስ በርስ ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት አላቸው። የነዋሪነት ማረጋገጫ ወረቀት በጊዜ ከቀረበ ተቀናሹ ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ሊቀር ይችላል። ወረቀቱን ማን ነው የሚያቀርበው? ይህንንም ጠይቂ።

ቅድሚያ ክፍያ አለመኖሩ ብቻውን የመጥፎ ኩባንያ ምልክት አይደለም። ዛሬ ለመጀመሪያ ፊልም ቅድሚያ የሚከፍል ጥቂት ነው። ቅድሚያ ካልከፈሉ ግን ሌላ ነገር ይስጡሽ፤ አጭር ጊዜ፣ ዝቅ ያለ ኮሚሽን፣ ጠባብ ግዛት። ምንም ሳይሰጡ ሁሉንም ከፈለጉ ተያቸው።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ካታሎጋቸው ላይ ካሉት ፊልሞች ሦስት መርጠሽ ለዳይሬክተሮቹ ጻፊ። «ገንዘብ ደርሷችኋል? ስልክ ሲደወልላቸው ያነሳሉ?» በያቸው። ፊልም ሠሪ ይህን ሲጠየቅ ዝም አይልም፣ እመኚኝ።

ጥያቄ፦ ወኪል ምናምን ሳልል ፊልሜን ቀጥታ ለኔትፍሊክስ ብልክስ? (ቸኩያለሁ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኔትፍሊክስ ሳይጠይቅ የተላከለትን ሥራ እንደማይቀበል በግልጽ ጽፏል። ከእሱ ጋር ግንኙነት ባለው ወኪል፣ ፕሮዲውሰር ወይም ጠበቃ በኩል ነው የሚገባው። አንዳንዱ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ አንድ ዘጋቢ ፊልም በ12 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ሰምቶ እስካሁን እዚያው ቆሟል። ያ ዘመን አልፏል። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ መድረኮች እጃቸውን ሰብስበዋል፤ የሚገዙትም ባብዛኛው ስለ ወንጀል፣ ስለ ታዋቂ ሰውና ስለ ስፖርት ነው። ፊልምህ ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ገዢህ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሌላም ነገር፤ በችኮላ ዩቲዩብ ላይ እንዳትለቀው። ትልልቅ ፌስቲቫሎች የመጀመሪያ እይታውን ለራሳቸው ይፈልጋሉ፣ የታየ ፊልም ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ፊልሜ 90 ደቂቃ ነው። ገዢው 52 ደቂቃ አድርገው ይለኛል። ምን ያህል ግትር ልሁን? (ቆራጩ ማን ነው)

መልስ፦ ብዙም አትገትር። 52 ደቂቃ የአንድ ሰዓት የቴሌቪዥን ቦታ ነው፤ የቀረው ለማስታወቂያና ለፕሮግራም ማስተዋወቂያ ይሄዳል። ብዙ ጣቢያ ሳምንታዊ ቦታው ይህ ብቻ ነው፣ 90 ደቂቃ የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። ረጅሙ ለፌስቲቫልና ለሲኒማ፣ አጭሩ ለቴሌቪዥን። ግትር ሁን ካልኩህ አንድ ነገር ላይ ነው፤ የሚቆርጠው አንተና ኤዲተርህ ትሁኑ። ውሉ ላይ «ገዢው ለፕሮግራሙ እንዲመች ማሳጠር ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተደብቆ ይገኛል። እሱን አውጣው፣ ወይም «በዳይሬክተሩ ስምምነት» የሚል ጨምርበት። እና ሁለቱንም ቅጂ ኤዲቲንግ ሳይዘጋ አስባቸው። ከዓመት በኋላ ፕሮጀክቱን እንደገና መክፈት ያማል።

ጥያቄ፦ ለክቡራን አዘጋጆች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሠራሁትን ፊልም አንድ የውጭ ጣቢያ ለመግዛት ተስማማ። ደስታዬ ሳይበርድ ገጽ የሞላ ዝርዝር ላኩልኝ። የሙዚቃና ድምፅ ትራክ ለብቻው፣ ጽሑፍ የሌለበት ምስል፣ የሙዚቃ ዝርዝር፣ ጭራሽ ኢንሹራንስ! ፊልሙን አይተው ወደውት የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ምንድን ነው? (አባት)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። አይጨነቁ፣ ማንም አልጠረጠረዎትም። ይህ ርክክብ ይባላል፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ከሱ ጋር የታሰረ ነው። ዝርዝሩ ካልተሟላ ገንዘቡ አይለቀቅም።

የሙዚቃና ድምፅ ትራኩ ለብቻው የሚፈለገው በራሳቸው ቋንቋ ስለሚተርኩበት ነው። የእርስዎ ተራኪ ድምፅ ከወፉና ከሙዚቃው ጋር አንድ ላይ ከተቀላቀለ ሊያወጡት አይችሉም። ጽሑፍ የሌለበት ምስልም እንደዚሁ ነው፤ የሰዎችን ስምና ማዕረግ በራሳቸው ፊደል ይጽፉበታል። የሙዚቃ ዝርዝሩ የትኛው ዜማ፣ የማን፣ ስንት ሰከንድ እንደተሰማ ይናገራል፤ የሙዚቃ ማኅበራት ለደራሲዎቹ የሚከፍሉት በሱ ነው። የድምፁ ልክም የራሱ ደንብ አለው። በአውሮፓ ያሉ ጣቢያዎች ኢቢዩ አር 128 የሚባለውን ደንብ ይከተላሉ፣ አማካይ ድምፁ −23 ሉፍስ (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይሆናል። ከሱ ከጮኸ ይመልሱታል። ይህን ለድምፅ ባለሙያዎ ብቻ ይንገሩት፣ እሱ ያውቀዋል። የፍሬም ቁጥሩንም (በሰከንድ የሚያልፉትን ምስሎች ብዛት) አብሮ ይይ፤ ግማሹ ዓለም በሰከንድ 25 ነው፣ አሜሪካና ጃፓን 29.97።

ኢንሹራንሱ «ስሜን አጠፋችሁ፣ ግላዊነቴን ደፈራችሁ፣ ሥራዬን ሰረቃችሁ» የሚል ክስ ቢመጣ የሚከፍለው ነው። በተለይ የአሜሪካ ገዢዎች ያለሱ አይንቀሳቀሱም። ለአንድ ክስ 1 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 3 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን የተለመደ ጥያቄ ነው። ኢንሹራንስ ሰጪው ደግሞ በባዶ እጅ አይፈርምም። በፊልሙ የሚታዩት ሰዎች ፈርመዋል? ሙዚቃው ተፈቅዷል? የማህደር ምስሉ የማን ነው? ይህን ሁሉ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ፊልም የሚሰናከለው። ሙዚቃ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ የዜማና ግጥሙ ደራሲ፣ ሌላው የቀረጻው ባለቤት። የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይሸፍንም። ቃለ መጠይቅ ሲቀርጹ ከጀርባ ሬዲዮ ላይ የሚሰማ ዘፈንም ዘፈን ነው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። የማህደር ምስል ደግሞ በሰከንድ ወይም በደቂቃ ይሸጣል፤ ዋጋው እንደ ሀገሩ ብዛትና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ብዙ ሰው በርካሹ የፌስቲቫል ፈቃድ ብቻ ወስዶ ይገባል። ከዚያ ፊልሙ ይሸጣል፣ ለመላው ዓለም ልክፈል ብሎ ሲመለስ ማህደሩ ዋጋውን ይቆልለዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የፌስቲቫሉን ፈቃድ በሚገዙበት ቀን የመላው ዓለም ዋጋ ስንት እንደሚሆን አብረው አስወስነው፣ አስፈርመው ያስቀምጡ። ለአሁኑ ፊልምዎ ግን እያንዳንዱን የማህደር ምስል በደቂቃና በሰከንድ ይዘርዝሩና የትኛው ፈቃድ አለው፣ የትኛው የለውም ብለው ይለዩ። ፈቃድ የሌለው ጥቂት ከሆነ መተካት ከመክፈል ይረክሳል።

ለጣቢያውም ይጻፉላቸው። ኢንሹራንሱን ራሳቸው በጣቢያው ሽፋን ሥር ሊያስገቡት ይችሉ ይሆናል። መጠየቅ አያስከፍልም።

ጥያቄ፦ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። እንዲህ ዓይነት ኩባንያ ልናቋቁም ነው። ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ገዢዎቹስ የት ነው የሚገኙት? (ሦስቱ)

መልስ፦ ገንዘቡ ካንድ ቦታ አይመጣም። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት የሚሸጥበት መንገድ አለ፤ ጣቢያው ሐሳቡን ወድዶ ቀድሞ ይከፍላል። ከተጠናቀቀ በኋላ ከሚገዛበት ዋጋ ባብዛኛው ይሻላል፣ ምክንያቱም እሱ ካልከፈለ ፊልሙ ላይሠራ ይችላል። ከሌላ ሀገር አምራች ጋር በጋራ መሥራት ሌላው ነው፤ እሱ የሀገሩን ድጋፍ ያመጣል፣ በምላሹ የሀገሩን መብትና የባለቤትነት ድርሻ ይወስዳል። ከዚያ የድጋፍ ፈንዶች አሉ። አምስተርዳም የሚካሄደው ኢድፋ ፌስቲቫል ያለው በርታ ፈንድ ለአፍሪካ፣ ለእስያ፣ ለላቲን አሜሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ፊልም ሠሪዎች ይሰጣል። እነዚህን አራት አምስት ምንጮች አጋጥማችሁ ነው በጀት የምትሞሉት። ዓመታት ይወስዳል። ይህን ያልነገራችሁ ሰው ካለ እያታለላችሁ ነው።

ገዢዎቹን ለማግኘት ቦታዎቹ ይታወቃሉ። ኢድፋ ከ1988 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በየኅዳሩ አምስተርዳም ላይ አለ፣ ፒች የሚደረግበት፣ ማለትም ሐሳብ ለገዢዎች የሚቀርብበት መድረኩም እዚያው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ላ ሮሼል ላይ ሰኒ ሳይድ ኦፍ ዘ ዶክ የሚባለው ገበያ አለ። እንግሊዝ ውስጥ የሼፊልድ ፌስቲቫል አለ፣ ቶሮንቶ ላይ ሆት ዶክስ አለ። ካን ላይ በጥቅምት የሚካሄደው ሚፕኮም የቴሌቪዥን ሰዎች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ነው። የፀደዩ ሚፕቲቪ ግን በ2024 ካን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተካሂዶ ተዘግቷል፣ በቦታው ለንደን ላይ ሌላ ተጀመረ። ይህን የምነግራችሁ የድሮ የገበያ መመሪያ አንብባችሁ የማይኖር ገበያ ላይ ሆቴል እንዳትይዙ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉትን ሰው ሳይሆን የምትፈልጉትን የፕሮግራም ቦታ እወቁ። ቢቢሲ ስቶሪቪል የተባለውን የዘጋቢ ፊልም ፕሮግራም ከ1997 ጀምሮ ይዟል፣ የአሜሪካው ፒቢኤስ ደግሞ ፒኦቪን ከ1988 ጀምሮ። የፈረንሳይና የጀርመኑ ጣቢያ አርቴ ከ1992 ጀምሮ በሁለቱም ቋንቋ ያስተላልፋል። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ርዝመትና የራሳቸው ጣዕም አላቸው። ኮሚሽኒንግ ኤዲተሩ (ለጣቢያው ፊልም የሚመርጠው ሰው) ፊት ቁጭ ብሎ «ፊልማችን ለሁሉም ይሆናል» ማለት ለማንም አይሆንም እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ኩባንያውን በሕይወት የሚያቆየው ምን መሰላችሁ? አዲሱ ፊልም አይደለም፤ ካታሎጉ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ምርጫ ሲመጣ፣ የአንድ ትልቅ ክስተት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ አንድ ሰው ሲሞት፣ ድንገት ይፈለጋል። መብቱ እጃችሁ ላይ ከሆነ በአንድ ኢሜይል ትሸጣላችሁ፣ ወጪውም ኢምንት ነው። ዩኒቨርሲቲና ቤተ መጻሕፍት የሚከፍሉትም አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ ለማየት ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው፣ ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ ስላለበት። በ1971 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ኒው ዴይ ፊልምስ የተነሣው ከዚሁ ነው። ስለ ሴቶች መብት የሠሯቸውን ፊልሞች የሚያከፋፍል ያጡ ሠሪዎች ተሰባስበው ራሳቸው ማከፋፈል ጀመሩ፤ የፊልም ሠሪዎቹ የጋራ ንብረት ሆኖ እስከ ዛሬ ለትምህርት ተቋማት ይሸጣል። እናንተ ሦስት ናችሁ። መጀመሪያ የሦስታችሁንም የቆዩ ፊልሞች መብት የማን እንደሆነ አጣሩ። ምናልባት ኩባንያው ሳይመሠረት የሚሸጥ ነገር ይኖራችሁ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በፊልሜ ውስጥ ዋናዋ ሴት ፈርማልኛለች። አሁን ፊልሙ ሊሸጥ ሲል ደውላ «የትም ይታይ፣ እኔ በምኖርበት ሀገር ግን አይታይ፣ ያስቸግረኛል» አለችኝ። አከፋፋዩ ፊርማዋ በቂ ነው ይለኛል። ምን ላድርግ? (እንቅልፍ አጣሁ)

መልስ፦ አከፋፋዩ በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። በእኔ ሚዛን ግን ልመናዋ ይቀድማል፣ ደግሞም ማድረግ የሚቻል ነገር ነው። መብት በሀገር እንደሚቆራረጥ ከላይ ብያለሁ። ያንን ሀገር ከሽያጩ ግዛት ማውጣት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ኦንላይን ለሚያሳየው ገዢም በዚያ ሀገር እንዲታገድ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። ጎረቤት ሀገር ያለ፣ ፊልሙ የሚሸጥለትን የሳተላይት ጣቢያም አስብበት፤ ምልክቱ ድንበር አያውቅም፣ ሥርጭቱ እሷ ጋ ከደረሰ እገዳው ዋጋ የለውም። አንዳንድ ሽያጭ ይቀርብሃል፣ ይቅር።

ለእሷ ግን እውነቱን ንገራት። ፌስቲቫል ላይ የታየ ፊልም በስልክ ተቀርጾ፣ ከድረ ገጽ ወርዶ እዚያው ሀገር ሊደርስ ይችላል። «በጭራሽ አይታይም» ብለህ ቃል አትግባላት። ይህን ሰምታ አሁንም የምትፈራ ከሆነ ፊቷን መሸፈን፣ ስሟን መቀየር፣ አንዱን ትዕይንት ማውጣት ይቻል እንደሆነ አብራችሁ ፊልሙን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ውሉ ገና አልተፈረመም አይደል? ለአከፋፋዩ ዛሬውኑ ጻፍለትና ፋይሉን አትልክለት፣ ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ።